የድኅረ ወሊድ ድብርት እና የፈጠራ ሕመም

የድኅረ ወሊድ ድብርት እና የፈጠራ ሕመም በአራስ እናቶች ላይ አንዳንድ ጊዜ አብረው የሚገኙ፣ ነገር ግን በምንነታቸውም ሆነ በስፋታቸው በጣም የሚለያዩ ሁለት የአእምሮ ጤና ችግሮች ናቸው። የድኅረ ወሊድ ድብርት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ረዘም ያለ የሐዘን፣ የድካምና የተስፋ መቁረጥ ሁኔታ ሲሆን በመላው ዓለም የተለመደ ነው። የፈጠራ ሕመም ደግሞ በሕክምና ቋንቋ ፋክቲሺየስ ዲስኦርደር የሚባለው ነው፤ አንድ ሰው እያወቀ የሌለ ሕመም አለ ብሎ ሲናገር፣ ሲያስመስል ወይም ራሱ ሕመሙን ሲያመጣ ይህ ስም ይሰጠዋል። ድርጊቱ በራስ ላይ ወይም በሌላ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሕፃን ልጅ፣ ላይ ሊፈጸም ይችላል። የፈጠራ ሕመም ከድብርት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነበብ ነው። የፈጠራ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ድብርት ያለባቸው ወይም የነበረባቸው ብዙዎች ናቸው። ድብርት ካለባቸው እናቶች መካከል ግን በራሳቸው ወይም በልጃቸው ላይ ሕመም የሚፈጥሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። በአንድ በኩል እርዳታ የሚያስፈልጋት እናት በከንቱ ትጠረጠራለች። በሌላ በኩል ደግሞ አደጋ ላይ ያለ ሕፃን «እናቲቱ ድብርት ስላለባት ነው» ተብሎ ሳይጠበቅ ሊቀር ይችላል።

የድኅረ ወሊድ ድብርት ምንነት

ከወለዱ እናቶች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይብሳቸዋል፣ ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ፣ በትንሹም ይከፋሉ። ይህ ስሜት ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይበረታል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ያለ ሕክምና ይጠፋል። እንደ በሽታም አይቆጠርም።

ድብርት ግን ከዚህ ይለያል። ምልክቶቹ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን የሚቆዩ ናቸው። ዋና ዋናዎቹም የሚከተሉት ናቸው፦

- የማይለቅ ሐዘን ወይም ባዶነት፤
- ቀድሞ ደስ ይል በነበረ ነገር አለመደሰት፤
- ሕፃኑ ተኝቶም ቢሆን እንቅልፍ ማጣት፣ ወይም ከመጠን በላይ መተኛት፤
- የምግብ ፍላጎት መለወጥ፤
- ከባድ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፤
- «እኔ መጥፎ እናት ነኝ» የሚል የጥፋተኝነት ስሜት፤
- ስለ ሕፃኑ ጤና ከልክ ያለፈ ስጋት፣ ወይም በተቃራኒው ለሕፃኑ ምንም ስሜት አለመኖር፤
- ሞትን መመኘት ወይም ራስን ስለ መጉዳት ማሰብ።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ዲኤስኤም-5 የተባለው የምርመራ መመሪያ በእርግዝና ወቅት ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት የጀመረን ድብርት ከወሊድ ጋር የተያያዘ ብሎ ይመዘግባል። በተግባር ግን ብዙ ሐኪሞች ከወሊድ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የሚጀምረውንም በዚሁ ስም ይጠሩታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያሳውቀው በዓለም ዙሪያ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ ከችግሮቹም ዋናው ድብርት ነው። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወደ 19.8 በመቶ ይደርሳል።

አንድ ብቻ የሆነ መንስኤ የለውም። ከወሊድ በኋላ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች በድንገት ይቀንሳሉ። ከዚህ በተጨማሪ ቀደም ሲል ድብርት የነበረባት፣ የሚረዳት ዘመድ ወይም ባል የሌላት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስባት፣ ምጧ የከበደ ወይም ሕፃኗ የታመመባት እናት የበለጠ ተጋላጭ ናት። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መታወክም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ በምርመራ መለየት አለባቸው።

የፈጠራ ሕመም ምንነት

ዲኤስኤም-5 የፈጠራ ሕመምን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው በራስ ላይ የሚፈጸም ነው። ሁለተኛው በሌላ ሰው ላይ የሚፈጸም ሲሆን ቀድሞ «በእጅ አዙር የሚፈጸም ሙንቻውዘን ሲንድሮም» ይባል ነበር። በብሪታንያ የሕፃናት ሐኪሞች በሁለተኛው ዓይነት ላይ ሲነጋገሩ «የተፈጠረ ወይም እንዲመጣ የተደረገ ሕመም» የሚለውን አጠራር ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም አጠራሩ ትኩረቱን በአጥፊው አእምሮ ላይ ሳይሆን በልጁ ላይ በደረሰው ነገር ላይ ያደርጋል።

የፈጠራ ሕመም የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ማታለሉ በማወቅ የሚደረግ ነው። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚታይ ግልጽ ጥቅም ባይኖርም ማታለሉ አይቀርም። ገንዘብ ለማግኘት፣ ከሥራ ለመቅረት ወይም ከክስ ለማምለጥ ታማሚ የሚመስል ሰው በዚህ ስር አይመደብም። ሦስተኛ፣ ድርጊቱ ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ያመጣው አይደለም። ልጇ በእርግጥ ታሟል ብላ የምታምን እናት፣ እምነቷ የተሳሳተ ቢሆንም፣ አታላይ አይደለችም።

በእርግዝናና በወሊድ ወቅት በራስ ላይ የሚፈጸመው ዓይነት ያልነበረ መድማት፣ ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ወይም የማያቋርጥ ትውከት አለ ብሎ በመናገር ሊታይ ይችላል። ከወሊድ በኋላ በሕፃኑ ላይ ሲፈጸም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ያላየው የትንፋሽ መቋረጥ፣ የሚጥል በሽታ፣ ትውከት ወይም መድማት ሆኖ ለሐኪም ይነገራል። አንዳንድ ጊዜ ድርጊቱ በንግግር ብቻ ይቆማል። አንዳንድ ጊዜ የምርመራ ናሙና ይበረዛል። በከፋው ደረጃ ደግሞ ሕፃኑ በቀጥታ ይጎዳል። ነገሩ በንግግር ብቻ ቢቆምም ሕፃኑ ለማያስፈልገው መርፌ፣ መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ስለሚጋለጥ ጉዳት መድረሱ አይቀርም።

በሌላ ሰው ላይ ሲፈጸም የአእምሮ ጤና ምርመራው ስም የሚሰጠው ለፈጻሚው እንጂ ለልጁ አይደለም። ልጁ በሕግም በሕክምናም የጥቃት ሰለባ ነው።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1951 ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞሩ አስገራሚ የሕመም ታሪክ የሚያወሩ ሰዎችን ገለጸ። ስሙንም ሙንቻውዘን ሲንድሮም አለው። ሙንቻውዘን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ጀርመናዊ ባላባት ሲሆን ስለ ጦርነትና ስለ አደን በተነገሩ የተጋነኑ ተረቶች ስሙ የታወቀ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ሮይ ሜዶው በዚያው መጽሔት የሁለት ልጆችን ታሪክ አወጣ። አንዷ ልጅ የ6 ዓመት ነበረች፤ ለረጅም ጊዜ ሽንቷ ውስጥ ደም አለ እየተባለ ብዙ ምርመራ ተደርጎላታል። በኋላ ግን ናሙናውን የምትበርዘው እናቷ እንደሆነች ታወቀ። ሌላው ሕፃን ጨው በብዛት እየተሰጠው በተደጋጋሚ ታሞ በመጨረሻ ሞተ። ሜዶው ይህን «በእጅ አዙር» የሚፈጸም ሙንቻውዘን ሲል ሰየመው።

በራስ ላይ የሚፈጸመው የፈጠራ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካው የምርመራ መመሪያ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምድብ 11ኛ እትምም ሁለቱን ዓይነቶች ለየብቻቸው መዝግቧል። አውስትራሊያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ጁራይዲኒ እ.ኤ.አ. በ1993 በእርግዝና ወቅት በራስ ላይ የሚፈጸመው የፈጠራ ሕመም ኋላ በልጅ ላይ ከሚፈጸመው ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የእርግዝናና የወሊድ ጊዜ ልዩ ትኩረት አግኝቷል።

ጥናቶች ስለ ዝምድናው የሚያሳዩት

በራስ ላይ በሚፈጸም የፈጠራ ሕመም ላይ ከተደረጉት ሰፊ ግምገማዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 በግሬግሪ ዬትስና በማርክ ፌልድማን ታትሟል። በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የተመዘገቡ 455 ሰዎችን ያጠቃለለ ነው። ከነዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በጊዜው ወይም ከዚያ በፊት ድብርት እንዳለባቸው የተመዘገበው 41.8 በመቶ ሲሆን የስብዕና መታወክ የተመዘገበው ግን 16.5 በመቶ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪሞች የፈጠራ ሕመምን በዋናነት ከስብዕና መታወክ ጋር ያያይዙት ስለነበር ይህ ውጤት ትኩረትን ወደ ድብርት መልሷል።

ዬትስ ከክሪስቶፈር ባስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ሌላ ግምገማ ደግሞ በልጆች ላይ የፈጸሙ 796 ሰዎችን ይመለከታል። ከነዚህ 97.6 በመቶው ሴቶች፣ 95.6 በመቶው ደግሞ የልጁ እናቶች ነበሩ። አማካይ ዕድሜያቸው 27.6 ዓመት ነው። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ማለትም 45.6 በመቶው፣ ከጤና ሙያ ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ የተሰማሩ ነበሩ። 30 በመቶው በልጅነታቸው ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ደርሶባቸዋል፤ 23.5 በመቶው በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ ችግር ገጥሟቸዋል። ከተመዘገቡት የአእምሮ ጤና ችግሮች ቀዳሚው በራስ ላይ የሚፈጸም የፈጠራ ሕመም ሲሆን 30.9 በመቶ ነው። የስብዕና መታወክ በ18.6 በመቶ፣ ድብርት በ14.2 በመቶ ይከተላሉ።

የመጨረሻው ቁጥር በጥንቃቄ መታየት አለበት። 14.2 በመቶ ከፍ ያለ ቢመስልም በማንኛቸውም አራስ እናቶች ዘንድ ከሚገኘው 13 በመቶ ብዙም አይርቅም። ቁጥሮቹ በተለያየ መንገድ የተሰበሰቡ ስለሆኑ በቀጥታ አይወዳደሩም። ቢሆንም ድብርት መኖሩ ብቻውን አንዲትን እናት ከሌሎች እናቶች ለይቶ እንደማያስጠረጥር ያሳያሉ። በራስ ላይ የተፈጸመ የፈጠራ ሕመም ታሪክ ከድብርት ይልቅ የበለጠ ክብደት ያለው ምልክት ነው።

እነዚህ ግምገማዎች የተመሠረቱት ሐኪሞች አስገራሚ ብለው ባሳተሟቸው ታሪኮች ላይ መሆኑም መታወስ አለበት። ቀላል የሆኑት አይታተሙም፤ ለንጽጽር የሚሆን ጤነኛ ቡድንም የለም።

ለምን አብረው ይገኛሉ

ድብርትና የፈጠራ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ሊኖሩ የሚችሉት ግንኙነቶች በርካታ ናቸው።

- የጋራ ሥር፦ በልጅነት የደረሰ ጥቃት፣ ወላጅን ማጣትና ብቸኝነት ለሁለቱም ያጋልጣሉ።
- እንክብካቤ ፍለጋ፦ የታመመ ሰው ወይም የታመመ ልጅ እናት ይታዘንላታል፣ ትጠየቃለች፣ ትደመጣለች። ሐዘኗን በቃል መናገር ያቃታት ሴት በሕመም በኩል ትኩረት ልታገኝ ትሞክራለች። ነገር ግን ይህ ብቻውን ወደ ማታለል አያደርስም፤ አብዛኞቹ ብቸኛ ሴቶች እንዲህ አያደርጉም።
- የወሊድ ጉዳት፦ ከባድ ምጥ፣ ያለ ጊዜው መውለድ ወይም ልጅን ማጣት ድብርትን ያመጣል። በዚያው ጊዜ ሆስፒታሉ ሴትዮዋ የምትደመጥበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል።
- የኋላ ውጤት፦ ማታለሉ ሲታወቅ፣ ልጅ ሲወሰድ ወይም ቤተሰብ ሲበተን ድብርት ይከተላል። ይህ ድብርት የፈጠራ ሕመሙ ውጤት እንጂ መንስኤ አይደለም።
- ድብርቱ ራሱ የተፈጠረ ሲሆን፦ የፈጠራ ሕመም በሰውነት ሕመም ብቻ አይወሰንም። ያልሞተ ዘመድ ሞተብኝ ብሎ ሐዘን ማስመሰልም ሆነ የሌለ ድብርት ማውራት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

ከነዚህ መካከል የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው የነገሮቹን ቅደም ተከተል በመመርመር ነው። ድብርቱ ከሕክምና ጉብኝቶቹ በፊት ነበር ወይስ በኋላ መጣ የሚለው ጥያቄ ቀዳሚ ነው።

ቁጥሮቹ ሲገለበጡ

«የፈጠራ ሕመም ያለባቸው ብዙዎቹ ድብርት አለባቸው» ማለትና «ድብርት ያለባቸው ብዙዎቹ የፈጠራ ሕመም አለባቸው» ማለት አንድ አይደለም። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በብሪታንያና በአየርላንድ የታተመ ጥናት የተፈጠረ ሕመምን፣ ሆን ተብሎ መመረዝንና ማፈንን አንድ ላይ ቆጥሮ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች ከሆኑ 100,000 ሕፃናት መካከል በዓመት ቢያንስ 2.8 አግኝቷል። ለ100,000 እናቶች 13 በመቶ የአእምሮ ጤና ችግር ከተወሰደ 13,000 እናቶች ማለት ነው። ሦስቱም አጥፊዎች ከነዚህ 13,000 መካከል ናቸው ብሎ እንኳን ቢታሰብ ከ4,000 በላይ እናቶች መካከል አንዷ ብቻ ትሆናለች። ሐኪሞች ያልደረሱባቸው ብዙ ናቸው ተብሎ ቁጥሩ በ10 ቢባዛም ከ460 ገደማ እናቶች አንዷ ናት፤ የቀሩት 459 ንጹሐን ናቸው።

ስለዚህ ድብርትን እንደ መጠርጠሪያ ምልክት መጠቀም ከትክክለኛው ይልቅ የተሳሳተ ክስ ያበዛል።

የሚያምታቱ ሁኔታዎች

ድብርት ያለባት እናት ልጇን ወደ ሐኪም አዘውትራ ልታመጣ ትችላለች። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች የድብርት ምልክት ያላቸው እናቶች ልጆች ለድንገተኛ ሕክምና የበለጠ እንደሚመጡ፣ ለመደበኛ ክትትልና ለክትባት ግን እንደሚያንሱ አሳይተዋል። ይህ ማታለል አይደለም። ደክማ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ በራሷ መተማመን ያቃታት እናት የሕፃኑን ልቅሶ ሁሉ እንደ አደጋ ትሰማዋለች። «ልጄ አሞታል» የምትለው እናት ብዙ ጊዜ «እኔ አሞኛል» ማለቷ ነው።

ከፈጠራ ሕመም ጋር ሊምታቱ የሚችሉ ሌሎች ሁኔታዎችም አሉ፦

- የስጋት ሕመም፦ እናቲቱ በእውነት ትፈራለች። ምርመራው ጥሩ ውጤት ሲያሳይ ትረጋጋለች፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን።
- አስገዳጅ ሐሳብ፦ «ሕፃኑን ብጥለውስ? ብጎዳውስ?» የሚል ሳይፈለግ የሚመጣ ሐሳብ ነው። እናቲቱ በሐሳቡ ትሸበራለች፣ ከሕፃኑም ልትርቅ ትሞክራለች። እንዲህ ያለ ሐሳብ መኖሩ ልትፈጽመው ነው ማለት አይደለም።
- የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ፦ ከ1,000 ወላዶች በ1 ወይም 2 ላይ የሚደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት የሚጀምር ከባድ ሕመም ነው። የሌለ ድምፅ መስማት፣ ግራ መጋባትና ከእውነታ የራቀ እምነት ይታይበታል። እናቲቱ ስለ ሕፃኑ የምትናገረውን ታምንበታለች። ይህ አስቸኳይ የሆስፒታል ሕክምና የሚያሻው ነው።
- ብርቅ የሆነ እውነተኛ በሽታ፦ ሐኪሞች ምክንያቱን ያላገኙለት ሕመም ሁሉ የተፈጠረ አይደለም። አንዳንድ የዘር በሽታዎች ከብዙ ወራት በኋላ ነው የሚታወቁት።

የሐሰት ጥርጣሬ የሚያደርሰው ጉዳት

በእናቶች ላይ የሚሰነዘር የተሳሳተ ጥርጣሬ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሳየው በእንግሊዝ የታየው የሳሊ ክላርክ ጉዳይ ነው። ክሱ የግድያ እንጂ የፈጠራ ሕመም አልነበረም፤ ሆኖም ከላይ የተጠቀሰው ሮይ ሜዶው በባለሙያ ምስክርነት ቀርቦበታል። የሕግ ባለሙያ የነበረችው ሳሊ ክላርክ ሁለት ወንዶች ልጆቿ በሕፃንነታቸው በድንገት ሞተውባት እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈረደባት። ሜዶው ሁለት ሕፃናት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በተፈጥሮ በድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ሲል መስክሯል። ቁጥሩ የተገኘው ለአንድ ሞት የተገመተውን ከ8,543 አንድ የሚለውን ዕድል በራሱ በማባዛት ነበር። ይህ ስሌት ሁለቱ ሞቶች ምንም ግንኙነት የላቸውም ብሎ ይነሳል፤ ወንድማማቾች ግን ዘርንም አካባቢንም ይጋራሉ። የብሪታንያ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ስሌቱ መሠረት የሌለው መሆኑን በይፋ አስታወቀ። ለመከላከያ ያልቀረበ የላቦራቶሪ ውጤትም ከተገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 በነጻ ተለቀቀች። እ.ኤ.አ. በ2007 አረፈች።

ከፍርድ ቤት ውጭም ቢሆን ጥርጣሬ ዋጋ ያስከፍላል። «ልጄን ይወስዱብኛል» ብላ የምትፈራ እናት ድብርቷን ትደብቃለች። ይህ ደግሞ ለሕይወቷ አደገኛ ነው፤ በብሪታንያ በሚደረገው የእናቶች ሞት ክትትል ከወሊድ በኋላ ከስድስት ሳምንት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ራስን ማጥፋት ከዋና ዋናዎቹ የሞት መንስኤዎች አንዱ ነው።

ሕፃኑን መጠበቅ

የሐሰት ጥርጣሬ አደገኛ መሆኑ እውነተኛውን አደጋ አያስቀረውም። ሜሪ ሸሪዳን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው የ451 ልጆች ግምገማ 6 በመቶው ሞተዋል፤ 7.3 በመቶው ዘላቂ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከሚታወቅ ድረስ በአማካይ 21.8 ወራት አልፈዋል።

ሐኪሞች ትኩረት የሚሰጡት ለእናቲቱ ስሜት ሳይሆን በታሪኩና በምርመራው መካከል ላለው አለመጣጣም ነው። ለምሳሌ፦

- የሚነገረው ምልክት በምርመራ ሲደጋገም የማይገኝ ከሆነ፤
- ምልክቱ አንድ ሰው ባለበት ብቻ የሚጀምር፣ ያ ሰው ሲርቅ የሚጠፋ ከሆነ፤
- ለሌሎች ልጆች የሚሠራ ሕክምና ያለ ምክንያት አልሠራ ካለ፤
- ጥሩ ውጤት ሲነገር ከመደሰት ይልቅ ሌላ ከባድ ምርመራ የሚጠየቅ ከሆነ፤
- በተለያዩ ሆስፒታሎች የተነገረው ታሪክ የማይገጥም ከሆነ፤
- የልጁ እኅትና ወንድሞች ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ወይም ሞት ካጋጠማቸው።

ከነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሕክምና መዝገቦችን ሁሉ በአንድ ላይ በቀን ቅደም ተከተል ማንበብ፣ ናሙና በባለሙያ እጅ መውሰድና ሕፃኑን ሆስፒታል አስተኝቶ መከታተል ዋናዎቹ መንገዶች ናቸው። አስቸኳይ አደጋ ካለ የሕፃኑ ደኅንነት ይቀድማል፤ ጉዳዩም ለልጆች ጥበቃ አካል ይቀርባል። ውሳኔው የአንድ ሐኪም ብቻ መሆን የለበትም።

ማታለሉ በተገለጠባት እናት ላይ ራስን የማጥፋት አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ጉዳዩ ሲነገራት የአእምሮ ጤና ባለሙያ በቅርብ መኖር አለበት።

ሕክምና

የድኅረ ወሊድ ድብርት የሚድን ሕመም ነው። ቀላልና መካከለኛ ለሆነው የንግግር ሕክምና ይመረጣል። ለከበደው ደግሞ የድብርት መድኃኒት ይታዘዛል፤ ለምሳሌ ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው መጠን አነስተኛ ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ ይመረጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 በደም ሥር የሚሰጠውን ብሬክሳኖሎን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ለ14 ቀን በአፍ የሚወሰደውን ዙራኖሎን ለዚሁ ሕመም ፈቅዷል።

የሥነ አእምሮ ሐኪም በሌለበትም መርዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 አቲፍ ራህማንና ባልደረቦቹ በፓኪስታን ገጠር ባሳተሙት ጥናት ተራ የጤና ሠራተኞች በቤት ለቤት ጉብኝት የንግግር እርዳታ ሰጥተዋል። ከ6 ወር በኋላ እርዳታውን ካገኙት እናቶች 23 በመቶው ብቻ ድብርት ሲኖርባቸው ካላገኙት 53 በመቶው ነበረባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዘዴ በመመሪያ መልክ አሳትሞታል።

ለፈጠራ ሕመም የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የንግግር ሕክምና ዋናው ሲሆን ውጤቱ የሚወሰነው ሰውየው ድርጊቱን በማመኑ ላይ ነው። ድብርት አብሮ ካለ ይታከማል። ነገር ግን የድብርቱ መሻል ብቻውን ልጁ ከአደጋ ወጥቷል አያሰኝም፤ የልጁ ደኅንነት ለብቻው መመዘን አለበት።

በኢትዮጵያ

ድብርትን ለመለየት በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ በጆን ኮክስ፣ በጄኒ ሆልደንና በሩት ሳጎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1987 የተዘጋጀው የኤዲንብራ መጠይቅ ነው። 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ድምሩ ከ0 እስከ 30 ይደርሳል፤ አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል። መጠይቁ በኢትዮጵያ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቿ የታተመው የቡታጅራ አካባቢ ጥናት ለገጠር እናቶች ሌላ፣ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ የተሻለ እንደሚሠራ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ግን የኤዲንብራው መጠይቅ ለከተማዋ እናቶች እንደሚያገለግል አገኘ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ መጠይቅ በአንድ አገር ውስጥም ቢሆን በየቦታው መፈተሽ እንዳለበት ያስረዳሉ።

በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎና አጥሚት ይሠራላታል፣ ጎረቤትና ዘመድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይጠይቃታል። ይህ እርዳታ ድካሟን ያቀልላታል። ይሁንና ሁሉም ደስ በሚለው ቤት ውስጥ «እኔ ግን ደስ አላለኝም» ማለት ለአራሷ ይከብዳታል። ጠያቂው ሲቀንስና እንግዳው ሲሄድም ድብርቱ ሊበረታ ይችላል። በውጭ አገር የሚወልዱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ደግሞ እናትና እኅት በሌሉበት አራስነቱን ብቻቸውን ሊያሳልፉ ይችላሉ።

በኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ይመጣሉ። እነዚህ ቀናት የድኅረ ወሊድ ድብርት በሚታይበት ጊዜ ላይ ስለሚውሉ ሕፃኑን ከመመዘንና ከመከተብ ጋር እናቲቱንም ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ሐዘኗና ስለ ሐሳቧ ለመጠየቅ ምቹ ናቸው። በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አራሷን በቤቷ የማየት ዕድል አላቸው። ልጇን ደጋግማ የምታመጣ እናት ስትገኝ ቀዳሚው ጥያቄ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚለው ነው። ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለ መጉዳት የምትናገር፣ ወይም የሌለ ድምፅ የምትሰማ እናት ብቻዋን ሳትተው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።